ራዲያተር የሚገባበትን የኮምፒውተር ኬዝ ስለ መምረጥ

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር ከቀረበ ንግግር የተቀዳ)



የዛሬው ርዕሰ ጉዳይ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ያነሰ መስሎ የሚታየው ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አንድ ባልደረባዬ ርዕሱን ሲሰማ፣ «ደግሞ ስለ ሳጥን ልታስተምር ነው?» ብሎ ስቆብኛል። አዎን፣ ስለ ሳጥን ነው። ፕሮሰሰሩን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ኮምፒውተር ለመገጣጠም ያሰበ ሰው ራዲያተሩን በትክክል የሚይዝለትን ኬዝ እንዴት ይምረጥ? ጥያቄውን ያነሣሁት ራሴ ስለተሳሳትሁበት፣ የስሕተቴንም ዋጋ ሌላ ሰው ስለከፈለልኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በቤተ ሙከራችን አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሞዴል ለማሠልጠን ይዘጋጅ ነበር። ግራፊክስ ካርዱን ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አገኘን። ባለ 360 የሚባለውን የውሃ ማቀዝቀዣ የእኅቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ በሻንጣው ይዞልን መጣ። ኬዙን ግን እዚሁ ገዛነው። በካርቶኑ ላይ ባለ 360 ራዲያተር እንደሚቀበልና እስከ 377 ሚሊሜትር የሚረዝም ካርድ እንደሚችል ተጽፏል፤ የእኛ ካርድ 336 ነው። ያለ ማመንታት ፈረምሁ።

ራዲያተሩ ከፊት በኩል ልክክ ብሎ ገባ። ካርዱ ግን እንቢ አለ። የራዲያተሩና የፋኖቹ ውፍረት ተደምሮ 52 ሚሊሜትር ስለሆነ ከ377 ላይ ሲቀነስ 325 ብቻ ቀረ። የጎደለን 11 ሚሊሜትር ነበር፤ ትንሿን ጣቴን አያህልም። በካርቶኑ ላይ አንድም ውሸት አልተጻፈም። ሁለቱም ቁጥሮች ለየብቻቸው እውነት ነበሩ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይሆኑም፤ ይህንንም ማንም አይጽፍልንም።

ሻጩ የተከፈተ ዕቃ አልመልስም አለ፤ ማቀዝቀዣውን ለመለወጥ ደግሞ ባሕር ማዶ መሻገር ነበረብን። ስለዚህ ራዲያተሩን ከኬዙ ውጪ በፕላስቲክ ማሰሪያ አንጠልጥለን፣ የጎኑን በር ከፍተን፣ ለስምንት ወራት አሠራነው። አቧራው ካርዱን ሸፈነው፤ ማሽኑ በጋለ ቁጥር ሥልጠናው ይቋረጣል። የተማሪው ምረቃ በአንድ ሴሚስተር ተላለፈ። «ዶክተር፣ ግድ የለም» አለኝ። ግድ ነበረው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልግባ። 240፣ 280፣ 360 የሚሉት መጠሪያዎች የራዲያተሩ ርዝመት አይደሉም፤ የተደረደሩት ፋኖች ድምር ናቸው። 360 ማለት እያንዳንዳቸው 120 ሚሊሜትር የሆኑ ሦስት ፋኖች ማለት ነው። በሁለቱ ጫፎች ውሃው የሚጠራቀምባቸው ክፍሎችና የቱቦ መግቢያዎች ስላሉ እውነተኛው ርዝመት 397 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። ባለ 240 የሚባለውም 277 ያህል ነው። ሜትር ይዞ ኬዙ ውስጥ 36 ሴንቲሜትር ለክቶ «ይበቃል» የሚል ሰው ከወዲሁ ተሸንፏል።

ከርዝመቱ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ውፍረቱ ነው። የተለመደው ራዲያተር 27 ሚሊሜትር፣ የተለመደው ፋን 25 ሚሊሜትር ነው፤ 52 የሆነው በዚህ ነው። አርክቲክ የተባለው ኩባንያ ሊኩዊድ ፍሪዘር በሚለው ምርቱ የሚጠቀምበት ራዲያተር ግን 38 ሚሊሜትር ስለሆነ ከፋኑ ጋር 63 ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ፋን በሁለቱም በኩል ካላሰርሁ ይላል፤ ያኔ ቀጭኑ እንኳ 77 ይደርሳል። ግራፊክስ ካርዶች በበኩላቸው ከዓመት ዓመት እየረዘሙ ነው። ኤንቪዲያ ራሱ ያወጣው አርቲኤክስ 4090 ርዝመቱ 304 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ሌሎች አምራቾች በዚያው ቺፕ ከሠሯቸው ካርዶች ውስጥ 350ን የሚያልፉ አሉ። ስለዚህ ራዲያተሩ ከፊት የሚታሰር ከሆነ፣ ለካርድ ከተጻፈው ርዝመት ላይ የራዲያተሩንና የፋኑን ውፍረት ቀንሱ፤ ከቀረው ላይ ደግሞ ለእጃችሁና ለገመድ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ተዉ። ከመቀነሳችሁ በፊት ግን የተጻፈው ርዝመት ፋን ታስሮ የተለካ መሆን አለመሆኑን አጣሩ፤ ፋብሪካዎቹ በዚህ ነገር አንድ ዓይነት ልማድ የላቸውም።

ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር ማሰር የካርዱን ችግር ያስቀራል፤ ሌላ ችግር ግን ያመጣል። በማዘርቦርዱ የላይኛው ጠርዝና በኬዙ ጣሪያ መካከል 52 ሚሊሜትር ክፍተት ያላቸው ኬዞች ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ የብሎን ቀዳዳዎቹን ወደ መስታወቱ በር አስጠግተው ራዲያተሩ ከማዘርቦርዱ ፊት እንዲንጠለጠል ያደርጋሉ። ያኔ ወሳኙ የራሙ ቁመት ነው። ጌጥ የሌለው አጭር ራም 31 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ መብራት የተገጠመለት ግን 44 ይደርሳል፤ ከዚያም የሚበልጥ አለ። በዚያ ቀለም በሚለዋውጥ መብራት ምክንያት ስንት ራዲያተር ሳይገባ እንደቀረ ጠጋኞቹ ትነግሩኛላችሁ። ባለ 280 ደግሞ ከባለ 240ና ከባለ 360 በ20 ሚሊሜትር ስለሚሰፋ ወደ ማዘርቦርዱ ይበልጥ ይጠጋል። ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ገመድ በዚያው ጥግ ስለሚሰካ፣ ከራዲያተሩ በፊት ሰኩት፤ በኋላ ጣት አይገባም።

ቢሆንም ባለ 280ን አትናቁት። ፋኖቹ የሚሸፍኑትን ስፋት አስሉ፦ 120 በ120 የሆኑ ሦስት ፋኖች 432 ካሬ ሴንቲሜትር፣ 140 በ140 የሆኑ ሁለት ፋኖች 392 ካሬ ሴንቲሜትር። ልዩነቱ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም። አጠር ባለ ኬዝ ውስጥ ባለ 360 ካላስገባሁ ብሎ ከመታገል፣ ባለ 280ን ያለ ጭንቅ ማሰር ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን በብዙ መግለጫዎች ውስጥ ወደማይገኝ ነገር ልምጣ። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለን ነው። በአዲስ አበባ አየሩ፣ በእኩል የሙቀት መጠን ሲለካ፣ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋን ደግሞ የሚገፋው አየርን በይዘት እንጂ በክብደት አይደለም፤ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው ሊትር እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚሄደው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ምሳሌ ልውሰድ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው 13900ኬ የተባለው ፕሮሰሰር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እስከ 253 ዋት ይበላል። ይህን ሙቀት አየሩ በ10 ዲግሪ ብቻ ሞቆ እንዲያስወጣው ከተፈለገ፣ በባሕር ዳርቻ በሰከንድ 21 ሊትር ያህል አየር ይበቃል። በአዲስ አበባ 28 ሊትር ያስፈልጋል። በኢንተርኔት የምናያቸው አብዛኞቹ የፍተሻ ውጤቶች በዝቅተኛ ቦታ የተለኩ ስለሆኑ «ይህ ኬዝ ከፊት በመስታወት ቢዘጋም ብዙ አይጎዳም» ሲሉን ለእኛ በሙሉ አይሠራም። ፊቱ በመስታወት ወይም በድፍን ቆርቆሮ የተዘጋ ኬዝ አየሩን በጎን በኩል ባለ ቀጭን ስንጥቅ ይስባል፤ እኛ ደግሞ በሳሳ አየር ላይ ጠባብ በር መጨመር አይገባንም። ፊቱ ወንፊት የሆነውን ምረጡ። አቧራው ይበዛል፤ እውነት ነው፤ በተለይ በበጋ። ስለዚህ ማጣሪያው ያለ ካቻቢቴ የሚወጣና በውሃ የሚታጠብ ይሁን።

አንድ ተማሪ ባለፈው፣ «መምህር፣ በእኛ ከተማ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ፈሳሹ ውስጥ ውስጡን አይፈላም ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አይፈላም። ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ ቢያሳይም፣ በጤናማ ሁኔታ ፈሳሹ ከክፍሉ አየር የሚሞቀው በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ነው። የከተማችን ቀዝቃዛ አየርም ከሳሳው አየር የምናጣውን በከፊል ይክሰናል። ሰመራ ያለ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እሱ ወፍራም አየር አለው፤ ችግሩ አየሩ ራሱ ትኩስ መሆኑ ነው።

ራዲያተሩ ወዴት ይሁን የሚለውን ስንወስን ፓምፑንም እናስብ። በታሸገው ቱቦ ውስጥ ምንጊዜም ጥቂት አየር አለ፤ በዓመታት ውስጥም ከፈሳሹ ጥቂቱ በቱቦው ግድግዳ እየሰረገ ስለሚወጣ አየሩ ይጨምራል። አየር የሚጠራቀመው ከሁሉ ከፍ ባለው ቦታ ነው። ውሃ ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ቧንቧችን እንዴት እንደሚያስልና እንደሚያስነጥስ ታውቃላችሁ፤ ፓምፑ ከሁሉ በላይ ሆኖ ከተቀመጠ እንዲሁ ያስላል፣ ይንኳኳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ብዙውን ጊዜ ፓምፑ ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሚቀመጥ፣ የራዲያተሩ የላይኛው ጫፍ ከፕሮሰሰሩ ከፍ ማለት አለበት። ከላይ ማሰር ይህን ያለ ችግር ያሟላል። ከፊት ሲታሰር ቱቦዎቹ ወደ ታች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ግን ቱቦው መድረሱን አስቀድማችሁ ለኩ። ከወለሉ ላይ ብቻውን ማሰር ለእንዲህ ዓይነቱ ማቀዝቀዣ አይሆንም። ሊያን ሊ ኦ11 ዳይናሚክን የመሳሰሉ፣ ፓወር ሰፕላዩን ከማዘርቦርዱ ጀርባ የሚያደርጉ ሰፋፊ ኬዞች ራዲያተሩን በጎን ስለሚይዙ ከካርዱ ርዝመት ጋር የሚደረገውን ግብግብ ያስቀራሉ። ግን ፊታቸው መስታወት ስለሆነ ከታችና ከጎን አየር የሚስቡ ፋኖች ይፈልጋሉ፤ ያም ተጨማሪ ገንዘብ ነው።

ከፊት ታስሮ የውጭ አየር የሚስብ ራዲያተር ፕሮሰሰሩን ይበልጥ ያቀዘቅዛል፤ ካርዱ ግን የሞቀውን አየር ይቀበላል። ከላይ ታስሮ ወደ ውጪ የሚተፋው ተቃራኒውን ያደርጋል። ሞዴል ለማሠልጠን ቀንና ሌሊት የሚለፋው ካርዱ ስለሆነ፣ እኔ ንጹሑን አየር ለካርዱ እሰጣለሁ፤ ራዲያተሩንም ከላይ አስራለሁ። ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው በፕሮሰሰሩ ላይ ብዙ የሚጫን ከሆነ ሌላ ሊመርጥ ይችላል።

ከመካከላችሁ፣ «ለመሆኑ ውሃው የግድ ነው ወይ?» የሚል ካለ፣ ለብዙዎቻችሁ የግድ አይደለም። ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15ን የመሰለ ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ የሚበላሽ ፓምፕ የለውም፤ ፋኑ ቢቃጠል ሌላ ፋን ከገበያ ገዝቶ መተካት ይቻላል። የእሱ ጥያቄ ቁመቱ ነው፤ 165 ሚሊሜትር የሚችል ሰፊ ኬዝ ይፈልጋል። የታሸገ የውሃ ማቀዝቀዣ ፓምፑ ከሞተ ግን መለዋወጫው እዚህ ስለማይገኝ ሁሉም ይጣላል። ይህን አውቃችሁ ግዙ።

የግዥ መግለጫ ለምትጽፉ ባልደረቦች አንድ ነገር ልጨምር። በጨረታ ሰነድ ላይ «ባለ 360 የውሃ ማቀዝቀዣ ያለው» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አይገዛም። ራዲያተሩ የሚታሰርበትን ቦታ፣ ከፋኑ ጋር ያለውን ውፍረት፣ ራዲያተሩ ታስሮ እያለ ለካርድ የሚቀረውን ርዝመት ጻፉ። ሻጩ እነዚህን ካልመለሰ ለክቶ ይምጣ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። ሦስት ባዶ ኬዞች አሉ፤ አንደኛው ያ 11 ሚሊሜትር የጎደለን ነው። አጠገቡ ያሉት ቁርጥራጮች በራዲያተር መጠን የተቆረጡ ካርቶኖች ናቸው፤ 397 በ120፣ ውፍረታቸውም እስኪሞላ ድረስ ተደራርበው የተጣበቁ ናቸው። ይህን ቤታችሁ በመቀስና በሙጫ መሥራት ትችላላችሁ፤ ሱቅ ስትሄዱም ይዛችሁ ግቡ፤ ሻጩ ቢስቅባችሁም ግድ የለም። ሜትሩ ይኸው፤ ከፊተኛው ረድፍ እንጀምር።