ከጎብዬ እስከ ቦሌ፤ የሰማዩ ርቀትና የሰዓቱ ሒሳብ

ጎብዬ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በወልድያና በቆቦ መካከል ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። አይሮፕላን ማረፊያ የላትም። ሆኖም ከዚያ ለሥራ ፈተና ወይም ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚጠራ ሰው፣ «በአይሮፕላን ብሄድ በስንት ሰዓት እደርሳለሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ውድ አንባቢ፣ ይህን ሒሳብ እርስዎ ራስዎ በካርታና በእርሳስ ሊሠሩት ይችላሉ።

ቦሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ፣ የላሊበላ አይሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም ለአንድ የኬንትሮስ መስመር የቀረቡ ስለሆኑ ልዩነታቸው 3 ዲግሪ ብቻ ነው። አንዱ ዲግሪ 60 የባሕር ማይል፣ አንዱ የባሕር ማይልም 1,852 ሜትር ነው። ቢያባዙት 180 የባሕር ማይል፣ ይኸውም 333 ኪሎ ሜትር ያህል ያገኛሉ።

በአገር ውስጥ መስመሮች የሚሠራው ዳሽ 8 አይሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ታዲያ በግማሽ ሰዓት መድረስ ሲገባው፣ በጉዞ ሰሌዳው ላይ አንድ ሰዓት ያህል የሚጻፈው ስለ ምንድን ነው? ሰሌዳው የሚቆጥረው አይሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንሥቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ስለሆነ ነው። ወደ ማኮብኮቢያው ማዝገሙ፣ ተራ መጠበቁ፣ ከፍ ማለቱና ለማረፍ ዝቅ ማለቱ ሁሉ ይገባበታል፤ ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው በመካከሉ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ የያኔው አይሮፕላን በሰዓት የሚሄደው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ በእጥፍ አደገ፤ በምድር ላይ የሚያልፈው ጊዜ ግን በዚያው ልክ አላጠረም።

የጎብዬው መንገደኛ ትልቁ ጉዳይም እዚሁ ላይ ነው። ከጎብዬ እስከ ላሊበላ ማረፊያ አሞራ ቢበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን በመካከሉ የላስታ ተራሮች ተገትረዋል፤ ከእነርሱም አንዱ አቡነ ዮሴፍ ቁመቱ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ መኪናው በወልድያና በጋሸና ሲዞር መንገዱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ዳገቱና ጠመዝማዛው ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ወደ ደቡብ ወርዶ ደሴን ያለፈ ደግሞ ኮምቦልቻ ማረፊያ ይደርሳል፤ ከዚያ ቦሌ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እንግዲህ ይደምሩ፦ እስከ ማረፊያው ግማሽ ቀን፣ ለፍተሻና ለምዝገባ ሁለት ሰዓት፣ በአየር አንድ ሰዓት፣ ከዚያም የከተማው መንገድ። በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ከሚሄደው ሰው የሚያተርፉት ጥቂት ሰዓት ነው፤ ከጉዞው ሁሉ አጭሩም በረራው ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ የፈተና ወይም የሐኪም ቀጠሮ ያለብዎ እንደ ሆነ፣ በትኬቱ ላይ የተጻፈውን አንድ ሰዓት አይመኑ። ሒሳቡን ከቤትዎ ደጃፍ ይጀምሩ፤ የሚነሡትም ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ይሁን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።