መቅጫና ማረሚያ

የወንጀል ሕጋችን ሥራ ላይ ከዋለ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ላይ 20 ዓመት ደፈነ። ድግስ የደገሰለት የለም። እኔን ግን አንድ የቆየ ሙግት ቀሰቀሰብኝ፤ ያጠፋን ልጅ የምናስረው ልናርመው ነው ወይስ ሌላውን ልናስፈራበት?

የሕጉን ስም ላየ መልሱ ያለቀ ይመስላል። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949ኙ ሕግ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ይባል ነበር። የ1996ቱ «የወንጀል ሕግ» ተባለና መቅጫው ቀረ። ወህኒ ቤቱም ማረሚያ ቤት ሆነ። አፋችን ግን አልተከተለም፤ ዛሬም ሰው «ወህኒ ወረደ» ነው የሚባለው። ዓለም በቃኝ የተባለው እስር ቤት ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቢቆምበትም ከርቸሌ የሚለው ቃል አልፈረሰም።

ሕጉ ራሱም ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም። አንቀጽ 1 ቅጣትን አጥፊው እንዳይደግም፣ ለሌላውም ማስተማሪያ እንዲሆን ይፈልገዋል፤ መታረምንም እዚያው ይጨምራል። ልጅ ሲሆን የሚለየው ዕድሜ ነው። 9 ዓመት ያልሞላው አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ላለው ተግሣጽ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት፣ ጠባይ ማረሚያ መግባትና የመሳሰሉት አሉ፤ የድሮው ሕግ የፈቀደው ግርፋት ቀርቷል። 15ን ያለፈው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል። ዳኛው ሊያቀልለት ይችላል፣ ሞት አይፈረድበትም፤ ከዚያ ውጭ በአመዛኙ እንደ አባቱ ነው። የተቀበልነው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ግን እስከ 18 ልጅ ነው ይለዋል።

በማስፈራት የሚያምኑ ብዙ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ራህዌይ በተባለው እስር ቤት ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው እስረኞች ልጆችን ሰብስበው ሲጮኹባቸው የሚያሳይ ፊልም በ1978 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ዝናው ናኘ። ቆይተው ጥናቶቹን የደመሩ ሰዎች እንዳገኙት፣ እንዲህ ዓይነት ጉብኝት የተደረገላቸው ልጆች ካልተደረገላቸው ይልቅ ሲያጠፉ ተገኙ። ዴንማርክም በ2010 እ.ኤ.አ. የወንጀል ተጠያቂነትን ዕድሜ ከ15 ወደ 14 አወረደችና በ2012 መለሰችው። የ14 ዓመት ልጆች ጥፋት አልቀነሰም ነበር፤ የተከሰሱት ደግሞ ይበልጥ ደገሙ፣ ከትምህርትም ራቁ። አይገርመኝም። የ14 ዓመት ልጅ ሞባይል ሲነጥቅ አንቀጽ አይቆጥርም፤ የሚያስበው ካለ «እያዛለሁ ወይስ አመልጣለሁ» ነው።

አንድ የሚያስቸግረኝ ክርክር አለ፦ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ለወንጀል የሚልኩት ሕጉ እንደሚያዝንላቸው አውቀው ነው የሚለው። ስዊድን ዕድሜውን ዝቅ ላድርግ እያለች የምትሟገተው በዚሁ ምክንያት ነው። እውነት አለው። ግን በዚህ ስሌት ላኪው ቤቱ ተቀምጦ የሚከፍለው ተላኪው ነው።

ስለ ማረሚያ ተቋማቱ ብዙ አልገፋም። ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ የነበረው የልጆች ጠባይ ማረሚያ ልደታ አካባቢ ያለው አንዱ ብቻ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው ይያዙ ይላል፤ ልደታ ለማይደርሰው ልጅ መለየት ማለት ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ የቆመ አጥር ነው።

እኔን የሚይዘኝ ያ 15 የሚባል ቁጥር ነው። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ነው። ዛሬ 15 ላይ የሚያከራክረው ልጅ ከዚያ በፊት ነው የተወለደው፤ ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም። ስለዚህ ታርሞ ይውጣ ወይስ ይቀጣ የሚለውን የሚበይነው ፍልስፍና ሳይሆን የአጥንት ራጅ ወይም የእናት ትዝታ ነው።

አንድ ችሎት ላይ ዳኛዋ «ልጅዎ መቼ ተወለደ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። እናቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እሱን እንኳ አላስታውስም እመቤቴ፤ ክርስትና የተነሣው ግን የ2002 ምርጫ በተደረገ በሳምንቱ ነው» አሉ። ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው በጣት ቆጠሩ። ምርጫው ግንቦት 15፣ ሳምንቱ ግንቦት 22፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣልና ወደኋላ ሚያዝያ አጋማሽ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ፣ በሰማንያ ቀኑ ተነሥቶ ቢሆንስ አለ። እናቲቱ «ሴት ናት እንዴ!» አሉ፤ ችሎቱ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም። ዕድሜው በሐኪም እንዲመረመር ታዘዘና ቀጠሮው ለሁለት ሳምንት ተሰጠ፤ እስከዚያው ወደ ነበረበት ጣቢያ ተመለሰ።