የማዳመጫ ጥራት በዋጋው ይለካልን?

ውድ የጆሮ ማዳመጫ ሁሉ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል የሚለው እምነት በምርምር ሲፈተሽ አልጸናም። ተመራማሪው ዬሩን ብሬባርት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት 283 ማዳመጫዎችን ለክተው፣ በድምፅ ሚዛናቸውና በዋጋቸው መካከል ዝምድና አላገኙም።

ለጆሮ የሚጥመውን የሚወስነው ወፍራሙ፣ መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ የሚመጣጠኑበት መንገድ ነው። ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቻቸው በሐርማን ኩባንያ ባካሄዱት ሙከራ፣ አብዛኛው አድማጭ በመልካም ክፍል ውስጥ ከሚሰማ ጥሩ የድምፅ ማጉያ ጋር የሚቀራረብ ሚዛን መርጧል። ወፍራሙ ድምፅ ይበልጥ እንዲጎላ የሚሹም፣ እንዲቀንስ የሚወዱም አልታጡም።

ስለዚህ ሁለት ማዳመጫዎችን የሚያነጻጽር ገዢ አስቀድሞ የድምፃቸውን ከፍታ እኩል ማድረግ ይኖርበታል፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ቀጥሎ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ዜማ ይምረጥ። ለምሳሌ በገና ሲደረደር ዝቅ ያለው ቃናና የአውታሮቹ ንዝረት አንዱ ሌላውን ሳይሸፍን መሰማት አለባቸው።

ምርጫው ከጤናም ጋር ይያያዛል። ጆሮ ወፍራም ድምፅን በዝቅተኛ ከፍታ አጥርቶ አይሰማም፤ ሚዛኑ ያልተስማማው አድማጭም የጎደለውን ፍለጋ ድምፁን እየጨመረ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ገደብ ግን በሳምንት 40 ሰዓት፣ በ80 ዴሲቤል ነው።