የጠራ ውሃ ብረት ሲበላ፦ የኃይል ማመንጫ ቱቦዎች ለምን ሳይታሰብ ይፈነዳሉ?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2004 በጃፓን ፉኩይ ግዛት በሚገኘው የሚሃማ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ በሦስተኛው ዩኒት የተርባይን አዳራሽ ውስጥ አንድ ትልቅ የብረት ቱቦ ፈነዳ። የወጣው የፈላ ውሃና እንፋሎት፣ በቀናት ውስጥ ለሚጀመረው መደበኛ የጥገና ጊዜ ዝግጅት ላይ የነበሩ የኮንትራክተር ሠራተኞችን አገኛቸው። አምስቱ ሞቱ፤ ስድስቱ ቆሰሉ።

ጨረር አላመለጠም። ቱቦው ከሬአክተሩ ውሃ ጋር የሚገናኝ አልነበረም፤ ያስተላልፍ የነበረው 140 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሞቀ፣ በጥንቃቄ የተጣራ ውሃ ነው። ሲገጠም 10 ሚሊ ሜትር የነበረው የብረቱ ውፍረት ግን እጅግ በሳሳው ቦታ ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ ተገኘ። ዩኒቱ ሥራ ከጀመረበት ከ1976 አንሥቶ ለ28 ዓመታት የዚያ ቦታ ውፍረት አንድም ጊዜ አልተለካም ነበር።

የጠራ ውሃ ይህን ያህል ብረት እንዴት ሊበላ ቻለ? ለምንስ አስቀድሞ ምልክት አልታየም? መልሱ የሚመለከተው የኑክሌር ማመንጫዎችን ብቻ አይደለም። ውሃ አፍልቶ በእንፋሎት የሚሠራ ተቋም ሁሉ፣ የድንጋይ ከሰል ማመንጫም ሆነ ስኳር ፋብሪካ፣ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይኖራል።

ዙሪያውን የሚመላለስ ውሃ

በእንፋሎት የሚሠራ ማመንጫ ውስጥ ውሃው አንድ ጊዜ ፈልቶ አይጣልም። በቦይለር ወይም በእንፋሎት ማመንጫ ውስጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ከዚያም ኮንደንሰር በተባለው ማቀዝቀዣ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ይህን ውሃ ፓምፖች ገፍተው፣ በየማሞቂያው አሳልፈው ወደ ቦይለሩ ይመልሱታል። በዚህ የመልስ ጉዞ ላይ ያለው ውሃ "መጋቢ ውሃ" ይባላል።

መጋቢው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም የማይፈላው በከፍተኛ ግፊት ስለታፈነ ነው። ቱቦው ሲቀደድ ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳል፤ ከውሃው ከፊሉም ወዲያውኑ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። 140 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውሃ በዚህ ሁኔታ ከ100 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። በአቅራቢያው ያለ ሰው ለመሸሽ ጊዜ የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የታወቁት ሦስት ጠላቶች

የቦይለር ባለሙያዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቋቸው ችግሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በውሃ ውስጥ የሚሟሙት ካልሲየምና ማግኒዥየም ናቸው። ውሃው ሲፈላ እነዚህ ማዕድናት በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው ነጭ ቅርፊት ሆነው በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ ይጋገራሉ። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ ከእሳቱ በኩል ያለው ብረት ከመጠን በላይ ይግላል፤ በመጨረሻም ይለሰልስና ይፈነዳል።

ሁለተኛው ከአየር ወደ ውሃ የሚገባው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ብረቱን እኩል አይበላውም፤ እዚህም እዚያም እየቦረቦረ ጥልቅ ጉድጓዶች ይፈጥራል። ሦስተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በውሃ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ቦይለሩ ውስጥ ሲሞቅ ይህን ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ከእንፋሎቱ ጋር ተጉዞ፣ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ሲመለስ ይሟሟና ደካማ አሲድ ይሆናል፤ የመልስ ቱቦዎችንም ይበላል።

ለሦስቱም መፍትሔ ተገኝቶላቸዋል። ማዕድናቱ ውሃው ከመግባቱ በፊት ይጣራሉ። ጋዞቹን ለማስወጣት ዲኤሬተር በተባለው ጋን ውስጥ ውሃው በእንፋሎት እንዲሞቅ ይደረጋል፤ የሙቀት መጠኑ ሲጨምር የሟሟው ጋዝ ይወጣል። የቀረውን ኦክስጅን ደግሞ እንደ ሃይድራዚን ያሉ ኬሚካሎች ይጨርሱታል። አሞኒያ ተጨምሮም ውሃው ከአሲድነት እንዲርቅ ይደረጋል።

መድኃኒቱ ሌላ በሽታ ሲያመጣ

ለረጅም ጊዜ ኦክስጅን የሌለበት ውሃ ለብረት የማይጎዳ ውሃ እንደሆነ ይታመን ነበር። ነገር ግን ብረት በሞቀ ውሃ ውስጥ የሚጠበቀው ራሱ በሚሠራው መከላከያ ነው። ማግኔታይት የተባለ ጥቁር ስስ የብረት ኦክሳይድ ገጹን ሸፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከላከላል።

ኦክስጅን ፈጽሞ በጠፋበት ውሃ ውስጥ ይህ ሽፋን በጥቂቱ ይሟሟል። ውሃው ቀስ ብሎ የሚያልፍ ከሆነ፣ ከብረቱ አጠገብ ያለው ውሃ በሟሟው ብረት ስለሚሞላ መሟሟቱ ይገታል። በፍጥነት የሚያልፍ ከሆነ ግን የሟሟውን እየጠረገ ይወስዳል፤ በምትኩ ያልጠገበ ውሃ ይመጣል። ሽፋኑ በተሟሟ ቁጥር ብረቱ አዲስ ሽፋን ለመሥራት ከራሱ ይቆርጣል። ቱቦው ከውስጥ በኩል ዓመት በዓመት የሚሳሳው እንዲህ ነው። ባለሙያዎች ሂደቱን "በፍሰት የሚፋጠን ዝገት" ይሉታል።

ይህ ዝገት ቱቦውን ከሚቦረቡረው የኦክስጅን ዝገት የሚለየው በአደጋው ባሕርይ ነው። ጉድጓድ ሲበሳ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጠብታው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። እዚህ ግን ሰፊ የብረት ገጽ ባንድነት ይሳሳል። ከውጭ ሲታይ ቱቦው ደህና ነው፤ በሙቀት መከላከያ ልብስም ተሸፍኗል። የቀረው ብረት ግፊቱን መቋቋም ባቃተው ቅጽበት ሳይንጠባጠብ ይቀደዳል።

አደጋው የሚመርጣቸው ቦታዎች

መሳሳቱ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። እጅግ የሚበረታው ውሃው 150 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅና ፍሰቱ በሚታወክባቸው ቦታዎች ነው፦ በቱቦ መታጠፊያዎች፣ በመገንጠያዎች፣ ከፓምፕና ከቫልቭ በኋላ። የሚሃማው ቱቦ የተቀደደው የፍሰት መለኪያ ከተገጠመበት ጠባብ ቀዳዳ ጥቂት አለፍ ብሎ ነበር።

ጃፓን የመጀመሪያዋ አይደለችም። ዲሴምበር 9 ቀን 1986 በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በሰሪ የኑክሌር ማመንጫ ሁለተኛ ዩኒት ላይ የመጋቢ ውሃ ቱቦ መታጠፊያ ተቀድዶ አራት ሰዎች ሞተዋል። ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ የነበረው ብረት በአንዳንድ ቦታ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ ነበር። በፊንላንድ ሎቪሳ በ1990 በአንደኛው፣ በ1993 ደግሞ በሁለተኛው ዩኒት ላይ የመጋቢ ውሃ ቱቦዎች ተሰብረዋል። በ1995 በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ በፕሌዘንት ፕሬሪ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ በተመሳሳይ አደጋ ሁለት ሠራተኞች ሞተዋል።

በሶቪየት ኅብረት ንድፍ በተሠሩት ቪቪኢአር-440 የተባሉ ማመንጫዎች ውስጥ ችግሩ ከዓይን ይበልጥ ርቆ ተገኝቷል። መጋቢውን ውሃ በእንፋሎት ማመንጫው ሆድ ውስጥ የሚያከፋፍሉት ቱቦዎች ከተራ የካርቦን ብረት የተሠሩ ስለነበሩ ተበልተው ነበር። በተለያዩ አገሮች ዝገት በሚቋቋም ብረት ተተክተዋል።

ምን ይደረጋል?

አንዱ መፍትሔ ብረቱ ራሱ ነው። ክሮሚየም የተቀላቀለበት ብረት የሚሠራው ሽፋን በቀላሉ አይሟሟም። ከ1 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ክሮሚየም ችግሩን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። በመሆኑም የተበላ ቱቦ በዚያው ዓይነት ተራ ብረት ቢተካ ሰዓቱን እንደገና ከመጀመር ያለፈ ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው የውሃው ኬሚስትሪ ነው። የውሃውን አልካሊነት ከፍ ማድረግ የማግኔታይቱን መሟሟት ይቀንሳል። ውሃቸው እጅግ ንጹሕ በሆነና በመጋቢ ውሃው መስመር ላይ መዳብ በሌለባቸው ማመንጫዎች ደግሞ ጥቂት ኦክስጅን ሆን ተብሎ ይጨመራል። ይህ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጀርመን የተስፋፋ ዘዴ ነው። ጥቂቱ ኦክስጅን በማግኔታይቱ ላይ ይበልጥ የማይሟሟ ቀይ ሽፋን ይፈጥራል። በንጹሕ ውሃ የሚያድነው ኦክስጅን ግን ጨው ባለበት ውሃ ብረቱን ስለሚቦረቡር፣ ዘዴው ለማንኛውም ቦይለር የሚሆን አይደለም።

ሦስተኛው መለካት ነው። የቱቦ ውፍረት ሳይቆረጥ በአልትራሳውንድ መሣሪያ ከውጭ ይለካል። የሰሪው አደጋ ከደረሰ በኋላ የአሜሪካ ማመንጫዎች ይህን በመደበኛነት እንዲያደርጉ ተጠይቀዋል። አንድ ማመንጫ በሺዎች የሚቆጠሩ መታጠፊያዎችና መገጣጠሚያዎች ስላሉት፣ የትኞቹ እንደሚለኩ የሚወስነው የፍተሻ ዝርዝር ነው። የሚሃማው ቱቦ ለፍተሻ መመዝገብ የነበረበት ሆኖ ሳለ ከዝርዝሩ ተዘልሏል። መዘለሉ በ2003 ተደርሶበት፣ ልኬቱ በቀጣዩ የጥገና ጊዜ እንዲካሄድ ተይዞለት ነበር። ቱቦው የፈነዳው ጥገናው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ

ኢትዮጵያ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከግድቦች ስለሆነ፣ በአገሪቱ ቦይለሮች በብዛት የሚገኙት በፋብሪካዎች ውስጥ ነው። ከወንጂ ጀምሮ የተተከሉት ስኳር ፋብሪካዎች፣ በኬንያና በሱዳን ያሉትም ጭምር፣ የአገዳ ገለባ አንድደው እንፋሎት ያመርታሉ። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራና ቆዳ ፋብሪካዎችም ያለ ቦይለር አይሠሩም። በአዲስ አበባ የረጲ ቆሻሻን ወደ ኃይል የሚለውጥ ማመንጫም የሚሠራው በእንፋሎት ነው።

የፋብሪካ ቦይለሮች ግፊታቸው ከትልልቅ ማመንጫዎች ያነሰ በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰጓቸው ሦስቱ የቆዩ ጠላቶች ናቸው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ሳይታከም ቦይለር ውስጥ ከገባ የመልስ ቱቦዎቹን የሚበላ አሲድ ይወልዳል። በስኳር ፋብሪካ ደግሞ ከማትነኛው የሚመለሰው ውሃ ስኳር ይዞ ቢመጣ፣ ስኳሩ በሙቀት ወደ አሲድነት ይለወጣል። የሚመለሰው ውሃ ስኳር እንዳለበት በየጊዜው የሚፈተሸው፣ ሲገኝበትም ወደ ቦይለሩ እንዳይገባ የሚደረገው ስለዚህ ነው።

የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሁሉ ውድ አይደለም። የውሃ ናሙና በየዕለቱ ወስዶ መመርመር፣ ውጤቱን መመዝገብ፣ የቱቦዎችን መታጠፊያዎች በየጊዜው ለክቶ ካለፈው ልኬት ጋር ማነጻጸር በአነስተኛ ፋብሪካም ይቻላል። ከውጭ ደህና የሚመስል ቱቦ ከውስጥ ምን ያህል እንደቀረው የሚናገረው የተለካው ቁጥር ብቻ ነው። ሥራ ከጀመረ አሥርት ዓመታት ያለፉት ቦይለር ያለው ድርጅትም ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ እስካሁን ያልተለካው ቦታ የትኛው ነው?