የእንጦጦ ጫካና የተደራረበበት ሸክም

«ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው ቢሆንም ለተፈጥሮም የሚሠራ መሆኑን ከየካ ኮረብታ እስከ እንጦጦ ራስ ያለውን ተራራ የተመለከተ ሁሉ ሊረዳው ይችላል። ጫካ አንዱን ጉዳት ችሎ ይድናል፤ ጉዳት በጉዳት ላይ ሲደራረብበት ግን ይወድቃል።

የባሕር ሊቃውንትም በቀይ ባሕርና በሌሎች ሞቃት ባሕሮች ስለሚገኘው ስለ ኮራል የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ኮራል ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የሚሠሩት ሕይወት ያለው ግንብ ነው። ማዕበል ቢሰብረው በዓመታት ውስጥ ተመልሶ ይጠገናል፤ ነገር ግን የባሕሩ ሙቀት ሲጨምር፣ የከተማ ፍሳሽ ሲገባበት፣ ዓሣውም ያለ ልክ ሲጠመድ የመዳን ኃይሉ ይደክማል። ባሕሩ ከእኛ ቢርቅም ተራራው ግን ከደጃችን ነው።

የእንጦጦ የጥንት ልብሱ የሐበሻ ጥድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በተራራው ላይ በከተሙ ጊዜ፣ ይልቁንም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ፣ ጥዱ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ ተመናመነ። የእንጨቱ እጦት ከመክበዱ የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዪቱ በስፍራዋ እንድትጸና ረዳት። ባሕር ዛፍ ቢቈረጥ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ጥድ ግን የሚተካው በዘር ነው፤ ዕድገቱም አዝጋሚ ነው።

እንግዲህ የሸክሙን አደራረብ እንመልከት። ዛፉ ይቈረጣል። የረገፈው ቅጠል ለምጣድ ማገዶ ተጠርጎ ይወሰድና መሬቱ ዕርቃኑን ይቀራል። ብቅ ያለችውን ቡቃያ ከብት ይረግጣታል። የክረምቱ ዝናብም ልብስ ያጣውን አፈር አጥቦ ወደ ቀበና ወንዝ ያወርደዋል። ወደ መሬት ሊሰርግ የሚገባው ውሃ ጎርፍ ሆኖ ስለሚያልፍ በበጋ ምንጩ ይጎድላል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራራው በቻለው ነበር። ለዚህም በእንጦጦ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ የቆሙት ጥዶች ምስክር ናቸው፤ አፈሩ ያው፣ ዝናቡም ያው ሲሆን የሰው እጅ ስላልበረታባቸው ኖረዋል።

ታዲያ ጥፋቱን ሁሉ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ቍልቍለቱን በሚወርዱት እናቶች ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። እነርሱ የሚሸከሙት የከተማውን ምጣድ ነው። በጥበቃ ብቻ ቢከለከሉ እንጀራቸው ይቋረጣል፤ ማገዶ ፈላጊው ግን ሌላ ጫካ ይፈልጋል።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቶ ሕዝብ ተራራውን ማፍቀሩ መልካም ነው፤ በየክረምቱም ችግኝ ይተከላል። ነገር ግን የተራራው ጤና የሚመለሰው ሸክሙ ከየአቅጣጫው ሲቀልለት ነው፦ ምጣዱ በኤሌክትሪክ ሲሠራ፣ ከብቱ ከቡቃያው ሲከለከል፣ ቅጠሉ ለአፈሩ ሲተውለት፣ ለእንጨት ለቃሚዋም ሌላ ሥራ ሲገኝላት።

ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት የምታዘጋጁ ወጣቶች ሆይ፣ የተተከለውን ችግኝ ቍጥር ስትጽፉ ከአጠገቡ የጸደቀውንም ጻፉ። ተራራው የሚለብሰው በጸደቀው ነውና።