ከቦዲ ሥራ በኋላ የሚቀረው ብናኝ

መኪና ከቦዲ ሥራ ሲወጣ ባለቤቱ የሚያየው የተጋጨውን ቦታ ብቻ ነው። ላሜራው ተቃንቷል፣ ስቱኮው ተሞርዶ ለስልሷል፣ ፓራፋንጎው አዲስ ቀለም ለብሷል፤ ሒሳቡ ይከፈልና መኪናው ይወጣል። በማግስቱ ሲታጠብ ግን ማንም ያልነካው ኮፈን፣ ጣራው፣ የፊት መስታወቱ ሳይቀር ይሻክራል። በዓይን ቢፈልጉት አይታይ ይሆናል። ስስ ፌስታል እጅ ላይ አጥልቀው ሲዳስሱት ግን ነጥብ ነጥቡ አንድ በአንድ ይታወቃል። ይህ የቀለም ብናኝ ነው።

ብናኙ የሚመጣው ከመርጫው ነው። ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየር ቀለሙን አድቅቆ ይበትነዋል፤ በድሮው ዓይነት መርጫ ቆርቆሮው ላይ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚለቁት አዳዲሶቹ መርጫዎች በደንብ ሲያዙ 65 በመቶና ከዚያ በላይ ያሳርፋሉ። የቀረው አየር ላይ ይንሳፈፋል። ፀሐይ ሲበረታ ጠብታው ገና ሳያርፍ ይደርቅና አቧራ ሆኖ ይወድቃል፤ እንዲህ ያለው በውኃና በሳሙና ብዙው ይለቃል። በብርድ ግን እርጥብ እንደሆነ ደርሶ ይጣበቃል። እንደ ፈረስ ቤት ባለ ደጋ፣ ያውም በክረምት፣ የሚያስቸግረው ይኸኛው ነው።

አየሩን እያጣራ የሚያስወጣ ዝግ የመቀቢያ ክፍል ውድ ስለሆነ በትንንሽ ከተሞች ጋራዦች ሥራው ብዙ ጊዜ በግቢ፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው። ቡሬ ላይ ወደ ነቀምቴና ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱት መንገዶች ይለያያሉ፤ እንዲህ ባለ መገናኛ ከተማ፣ እንደ ፍኖተ ሰላም ባለ የዞን ከተማም፣ ጋራዥ ግቢ ውስጥ መኪና ከመኪና ተጠጋግቶ ይቆማል። ነፋስ ከተነሳ ለአይሱዙ የተረጨው ነጭ ቀለም አጠገቡ ቆሞ ተራ የሚጠብቀውን ሚኒባስ ያገኘዋል።

ነገሩን እንደ ትንሽ ጉድለት ማየት አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለችው መኪና ዕድሜዋ መርዘም አለበት። ዕድሜዋን ከሚጠብቁላት አንዱ የፋብሪካው ቀለም ነው። እሱ ወደ 140 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ነው፤ ንብርብሩ ሁሉ ተደምሮ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አያልፍም፤ ላይኛው አንጸባራቂ ልባስ ደግሞ የዚያ ሲሶ ገደማ ነው። ተፍቆ ካለቀ ያንኑ ጋራዥ ውስጥ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ስለዚህ ብናኝ የማንሳት ሙያ መፋቅ አይደለም። ታች ያለው ቀለም በእሳት ጠንክሯል፤ ላዩ ያረፈው አልተጋገረም፣ የያዘውም በነጥብ በነጥብ ነው። ጥሩ ሠራተኛ ላይኛውን የሚያስለቅቅ፣ ታችኛውን ግን የማይነካ ነገር ይፈልጋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ቲነር ነው። ብናኙ ናይትሮ ቀለም ከሆነ በእርግጥ ይሟሟል። ችግሩ ከሥሩ ያለው ምን እንደሆነ አለማወቅ ነው፤ መኪናው ቀደም ሲል እሱም በናይትሮ ተቀብቶ ከነበረ ሁለቱ አብረው ይለቃሉ። በሃርደነር ተበጥብጦ የደረቀ ብናኝ ደግሞ ቲነርን ከነአካቴው ይቋቋማል። የመብራት መሸፈኛ ፕላስቲክ በቲነር ይደበዝዛል፣ ይሰነጣጠቃል። የግድ ከሆነ በነጭ ጨርቅ ጥቂት ነክሮ በማይታይ ቦታ መሞከር ነው፤ ጨርቁ ላይ የመኪናው የራሱ ቀለም ከመጣ እዚያው ማቆም።

ለዚህ ሥራ የሚሻለው ክሌይ ባር ነው። ጃፓናዊው ታዳኦ ኮዳቴ በ1990ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ይህ ነገር እንደ ሊጥ የሚታሽ ላስቲክ መሰል ሲሆን ውስጡ እጅግ የላመ መሞረጃ አለው። መኪናው በደንብ ታጥቦ፣ ጥላ ሥር ቆሞ፣ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ሳሙና ያለው ውኃ ይረጭበታል። ክሌዩ በጣት ጫፍ ሳይጫኑት በአጭር ርቀት ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ይጎተታል፣ ድምፅም አለው፤ ብናኙ ሲለቅ ይለሰልሳል። ሲቆሽሽ አጥፎ ንጹሕ ገጹን ማውጣት ነው። መሬት ከወደቀ ግን ይጣል፤ የያዘው አሸዋ ኮፈኑን ይቧጭረዋል። ዋጋው የሚያሳሳ ቢሆንም ይጣል። በአካባቢው ከሌለ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ የሚሄድ ሰው ፈልጎ ማስመጣት ያዋጣል፤ አንዱ ቁራጭ በጥንቃቄ ከተያዘ ለብዙ መኪና ይሆናል።

መስታወት ይቀላል፤ በሳሙና ውኃ አርሶ አዲስ ምላጭ አጋድሞ መግፋት በቂ ነው። በክሌይ ያልለቀቀ ወፍራም ጠብታ ካለ ቁጥር 2000 ወይም 3000 የብርጭቆ ወረቀት በውኃ፣ ከዚያም ፖሊሽ ይከተላል። ይህ ግን የልባሱን ዕድሜ የሚበላ ስለሆነ ለመጨረሻ ይቆይ። አዲስ የተቀባው ክፍል ራሱ እስኪጠና ለሳምንታት ክሌይም ሰምም አይነካውም።

ከሁሉ የሚረክሰው መሸፈን ነው። ጋዜጣ ከሆነ ተደርቦ ይለጠፍ፣ ምክንያቱም ነጠላው ቲነር ያሳልፋል፤ ሰፊ ላስቲክ ደግሞ ጎማና ቸርኬውን ጨምሮ መኪናውን ሁሉ ያለብሳል። ባለመኪናው ቁልፍ ሲያስረክብ ይህንን በግልጽ ይጠይቅ። ቀቢው የሚተነፍሰውም ያንኑ ብናኝ ነው። የሃርደነሩ አይሶሳያኔት አስም ያስይዛል፤ የጨርቅ ጭንብልም አያግደውም፤ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያደርስ ጭንብል ይፈልጋል። ይህን ገዝቶ ለቀቢው የሚያቀርብ ጋራዥ ተጨማሪ ሒሳብ ቢጠይቅ መክፈል ይገባል።