በእርግዝና ወቅት የጽንስን ልብ በአልትራሳውንድ ስለመመርመር

ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳል። አብዛኛው ችግር ቀላል ቢሆንም፣ አንዳንዱ በተወለዱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሕክምና ይሻል። ከደብረ ኤልያስ ተነሥቶ ሆስፒታል ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ችግሩን ከወሊድ በፊት ማወቅ የሕፃኑን ሕይወት ሊወስን ይችላል።

ምርመራው መቼ ይደረጋል?
የልብ ክፍሎች በምስል በግልጽ የሚታዩት ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ ያሳስባል። ሳምንቱን በትክክል ለማስላት የመጨረሻው የወር አበባ የታየበትን ቀን መዝግቦ መያዝና ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት መጀመር ያስፈልጋል።

ምን ይታያል?
አራቱ የልብ ክፍሎች፣ የሚለያያቸው ግድግዳ፣ ከልብ የሚወጡት ሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮችና የልብ ምት ይታያሉ። ምርመራው ጨረር የለውም፤ ሕመምም አያስከትልም። የእንግዴ ልጅን አቀማመጥ ወይም የጽንስን ብዛት ለማወቅ የሚደረግ አጭር ምርመራ ልብን በዝርዝር ላያሳይ ስለሚችል፣ ልቡ መታየቱን ባለሙያውን ይጠይቁ።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሹት እነማን ናቸው?
- ከእርግዝና በፊት የስኳር ሕመም ያለባቸው፤
- በቤተሰባቸው ከልብ ችግር ጋር የተወለደ ያለባቸው፤
- የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ (መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ አይገባም)፤
- በእርግዝና መጀመሪያ ሽፍታና ትኩሳት የታየባቸው።

አገልግሎቱ እንዴት ይገኛል?
በቅድሚያ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያውን ያነጋግሩ። ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ ወደ ደብረ ማርቆስ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ እንደ ሁኔታውም ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፋል። የክትትል ካርድዎን ይዘው ይሂዱ።

ችግር ቢጠረጠርስ?
ጥርጣሬ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። የጽንሱ ልብ በልዩ ባለሙያ በድጋሚ ይታያል፤ ችግሩ ከተረጋገጠ ወሊዱ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል እንዲሆን ምጥ ሳይመጣ ይታቀዳል።

ውጤቱ መልካም ቢሆንም፣ አልትራሳውንድ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ የሕፃኑ ከንፈር ወይም ምላስ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ጡት ሲጠባ ካላበውና ቶሎ ከደከመው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።